ሰርጉ በኤችዲ፣ ቅጂው በዲቪዲ

በሰርግ ቪዲዮ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ እኛ ግን ክፍል ውስጥ ብዙም የማናነሳው አንድ ቅሬታ አለ። የታላቅ እህት ሰርግ በአሮጌው የካሴት ካሜራ ተቀርጾ ዲቪዲው ሲከፈት ጥርት ይላል። ከዓመታት በኋላ እጥፍ ተከፍሎበት በኤችዲ ካሜራ የተቀረጸው የታናሽየዋ ሰርግ ግን ዲቪዲው ላይ ይርገበገባል፤ የሰው ትከሻ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል፤ ጭፈራው ላይ ሲደርስማ የባሰ ነው። ደንበኛው ታዲያ ምን ይበል? ተታለልኩ ይላል። ባለሙያውም ኤችዲ ዲቪዲ ላይ ሲገባ እንዲህ ነው፣ ምን ይደረግ ብሎ ይሸኘዋል። ለዛሬ ልሞግት የተነሳሁት ይህችን መልስ ነው። ትክክል አይደለችም። ጥፋቱ የዲቪዲው ሳይሆን የአሠራራችን ነው ባይ ነኝ።

ውድ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎችና መምህራን፣ ይህን የምለው ለልምምድ የወጣሁበትን የቦሌ ሚካኤል ቪዲዮ ቤት አይቼ ነው። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ አንዱን ማየት ሌላውን ማየት ነው። ስለ ካሜራና ስለ ሌንስ ቀኑን ሙሉ ይወራል። ለሙዚቃ ምርጫ ሁለት ቀን ይሰጣል። ኤክስፖርት ግን የመጨረሻዋ ማታ ሥራ ናት፤ ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን «ዲቪዲ» የሚል ምርጫ ጠቅ አድርጎ ወደ ቤት መሄድ ነው። ጠዋት ምን እንደወጣ ከፍቶ የሚያይ የለም። ለነገሩ ጥድፊያውም ቀላል አይደለም። ቦሌ ሚካኤል ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ናት። በቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ ከሚኖረው ቤተሰብም ሆነ በብዛት በሰፈሩ ከሚኖረው የሶማሌ ማኅበረሰብ የሚመጣው ሥራ፣ ብዙ ጊዜ ከሰርገኞቹ ግማሹ ከውጭ አገር የመጣ ነው። ከሰርጉ በኋላ በሳምንት በአሥር ቀን ሻንጣ ይዘጋል፤ ዲቪዲው ሻንጣው ውስጥ መግባት አለበት።

የመጀመሪያው ነገር ሒሳቡ ነው። ሙሉ ኤችዲ ምስል 1920 በ1080 ፒክስል ነው፤ ሲባዛ 2,073,600 ይመጣል። የእኛ አገር ቴሌቪዥን በሚከተለው በፓል ሥርዓት የተሠራ ዲቪዲ ደግሞ 720 በ576፣ ማለትም 414,720 ፒክስል ነው። አንዱን ለሌላው አካፍሉት፤ ልክ አምስት ይሆናል። በአሜሪካው ኤንቲኤስሲ (720 በ480) ከሆነ ልክ ስድስት። እንግዲህ ኤክስፖርት የምትለውን ቁልፍ ስንጫን ከአምስት ነጥብ አራቱን እያስወጣን ነው። ጥያቄው አራቱ እንዴት ይውጡ ነው። ዝም ብሎ መጣል አለ፤ የአምስቱን መረጃ አጣርቶ ወደ አንዱ ማዋሐድ አለ። የመጀመሪያው ፈጣን ነው፤ ሁለተኛው ጊዜ ይወስዳል። የአሮጌው ካሴት ካሜራ ምሥጢርም እዚህ ላይ ነው። እሱ ከመነሻው የሚቀርጸው በ720 በ576 ስለነበር የሚያስወጣው ነጥብ አልነበረውም። ጥሩ ስለነበረ ሳይሆን የሚያበላሽ ደረጃ ስላልነበረው ነው ጥርት ያለው።

ይህ ነገር በየትኛውም አገር ያለ ነው፤ እኛ ጋ ግን የሚከፋበት ምክንያት አለ። የሙሽራዋን ቀሚስ አስቡት። የሀበሻ ቀሚስ ጥለት ማለት እኮ በነጭ ላይ የተደረደሩ ቀጫጭን የቀለም መስመሮችና ትንንሽ መስቀሎች ማለት ነው። ምስል አሳናሾች የሚፈሩት ነገር ሁሉ በአንድ ቀሚስ ላይ ተሰብስቧል! በኤችዲው ላይ አንድ ክር ሁለት ነጥብ ከያዘ፣ ሲያንስ አንድ ነጥብ ወይም ከአንድ በታች ይሆናል። ሙሽራዋ ትንሽ ስትንቀሳቀስ ክሩ አንዴ በነጥቡ ላይ ይወድቃል፣ አንዴ በሁለት ነጥቦች መሐል ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ጥለቱ ይንተከተካል፤ አንዳንዴም ቀሚሱ ላይ የሌለ ሞገድና ቀለም ይፈጠራል። የሶማሌ ሙሽሮች የሚለብሱት የሚያብለጨልጭ ስስ ጨርቅም ዕጣው ከዚህ የተለየ አይደለም። የበርኖሱ ወርቅማ ጥልፍም እንዲሁ። የሸማኔው የስንት ቀን ድካም በአንድ ሌሊት ኤክስፖርት ወደ ጭረት ይለወጣል።

መድኃኒቱ ለጆሮ እንግዳ ነው፤ ምስሉን ከማሳነስ በፊት በጥቂቱ ማለስለስ። ዲቪዲው ሊይዘው የማይችለውን ቅጥነት አስቀድሞ ማንሳት ማለት ነው። እኛ ሰፈር የሚደረገው ተቃራኒው ነው። ዲቪዲው ደከመ ሲባል የሻርፕነስ መጠን ይጨመራል፤ ሻርፕነስ ደግሞ በየክሩ ጠርዝ ሌላ ጠርዝ ይጨምራል፣ መርገብገቡ ይብሳል። በፕሪሚየር የሚሠሩ ጓደኞቼ ኤክስፖርት መስኮቱ ላይ «ዩዝ ማክሲመም ሬንደር ኳሊቲ» የምትለዋን ሳጥን ያውቋታል፤ ብዙዎቻችን ኮምፒውተሩን ታዘገያለች ብለን ምልክት ሳናደርግባት እናልፋለን። እሷ ናት ማሳነሱ በተሻለው ስሌት እንዲሠራ የምታዘው። ሌሊቱን ሙሉ ተኝተን የምናሳልፈው ከሆነ መዘግየቷ ለምን እንደሚያሳስበን አይገባኝም።

አንድ ነገር ግን ላስታውስ። ጥለቱ ካሜራው ውስጥ እያለ የተበላሸ ከሆነ በኤክስፖርት አይድንም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 2 እና ከእሱ በኋላ የመጡት ብዙ የፎቶ ካሜራዎች ቪዲዮ ሲቀርጹ መስመር እየዘለሉ ስለሚያነቡ፣ ሞገዱ ከመነሻው ይቀረጻል። የቀረጻ መምህራኖቻችን ለሙሽራዋ ቀሚስ ትንሽ ጠጋ በሉ ወይም ራቅ በሉ የሚሉን ለዚህ ይመስለኛል።

ወደ ፊልድ ጉዳይ ልምጣ። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ስለሚሰለች ባጭሩ ልሞክር። የኤችዲቪ ዘመን ካሜራዎች፣ ለምሳሌ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ኤፍኤክስ1፣ አንዱን ፍሬም በሁለት ፊልድ ከፍለው ይቀርጻሉ፤ መጀመሪያ አንዱን ተራ መስመሮች፣ ከሃምሳኛ ሰከንድ በኋላ ደግሞ ሌላውን ተራ። በአንድ ፍሬም ውስጥ ሁለት ቅጽበት አለ ማለት ነው። ታዲያ ሶፍትዌሩ ይህን ሳይለይ 1080ውን መስመር እንደ አንድ ፎቶ ቆጥሮ ወደ 576 ቢጨምቀው ሁለቱ ቅጽበቶች ይደባለቃሉ። እስክስታ የሚመታው ሚዜ አራት ትከሻ ያወጣል። ትክክለኛው መንገድ ፊልዶቹን መለየት፣ እያንዳንዱን ለብቻው ሙሉ ምስል ማድረግ፣ ማሳነስና እንደገና መጠላለፍ ነው። በነፃ የሚገኘው አቪሲንዝ ይህን በደንብ ይሠራል፤ ትዕዛዝ በጽሑፍ መጻፍ ስለሚጠይቅ ግን ማንም አይነካውም።

በዚህ ላይ ቅደም ተከተል አለ። አሮጌው የዲቪ ካሴት ከታችኛው ፊልድ ይጀምር ነበር፤ ኤችዲ ከላይኛው ይጀምራል። ከካሴቱ ዘመን ተቀምጦ የቆየ የኤክስፖርት ምርጫ በኤችዲ ሥራ ላይ ከተጫነ ጊዜው ወደፊትና ወደኋላ ይዘላል። ኮምፒውተር ላይ አይታይም፤ የሳሎን ቴሌቪዥን ላይ ነው የሚጋለጠው። ለዚህ ነው ደንበኛ ቅሬታ ይዞ ሲመጣ ባለሙያው እኔ ጋ ደህና ነው እኮ የሚለው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከመጀመሪያው በሰከንድ 25 ሙሉ ፍሬም የቀረጸ ሰው ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው፤ እኔም ቢሆን ለዲቪዲ የሚሄድ ሥራ በዚሁ ቢቀረጽ እመርጣለሁ።

ስለ ፊደላችን ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ቅር ይለኛል። የመግቢያው ጽሑፍ፣ የሙሽሮቹ ስም፣ «የጋብቻ ሥነ ሥርዓት» የሚለው፣ ሁልጊዜ በቀጭን የተጠማዘዘ ወርቃማ ፊደል ነው የሚሠራው። ኤችዲ ላይ ያምራል። አሁን 1080ን ለ576 አካፍሉ፤ ወደ 1.9 ይጠጋል። ኤችዲ ላይ ሁለት መስመር የወፈረው አግዳሚ ጭረት ዲቪዲው ላይ አንድ መስመር ሆኖ ይቀራል። አንድ መስመር ደግሞ ከሁለቱ ፊልዶች በአንደኛው ብቻ ስለሚኖር በአሮጌው ቴሌቪዥን ላይ በሰከንድ 25 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። በላቲን ፊደል ቢሆን ዓይን ያስቸግራል እንጂ ቃሉ አይለወጥም። በእኛ ፊደል ግን ካዕቡን ከግዕዙ፣ ኃምሱን ከሣልሱ የምትለየው ያቺው ትንሽ ቅጥል ናት። እሷ ከጠፋች የሙሽራው አባት ስም ሌላ ስም ይሆናል። ስለዚህ ጽሑፉን ከኤችዲው ጋር አብሮ ከማሳነስ፣ ምስሉን ካሳነሱ በኋላ በዲቪዲው ልክ እንደገና መጻፍ ይሻላል። ያ ካልተቻለ ኤችዲ ላይ ማንኛውም አግዳሚ ጭረት ከአራት መስመር አይነስ። አሮጌ ቴሌቪዥን ጠርዙን ስለሚቆርጥም ጽሑፉ ከማያው መካከለኛ ሰማንያ በመቶ ባይወጣ ጥሩ ነው።

የስፋቱን ነገር በአንድ አንቀጽ ልዝጋው። የዲቪዲ ፍሬም ለ4 በ3ም ለ16 በ9ም ያው 720 በ576 ነው፤ ማጫወቻው ምን ያህል ይዘርጋው የሚለውን የሚያውቀው በውስጡ ካለች ምልክት ነው። ምልክቷ ከተሳሳተች በአንዱ ቤት ሽማግሌዎቹ ሁሉ ቀጥነው ይረዝማሉ፣ በሌላው ቤት ሙሽራው በአንድ ሌሊት ይወፍራል። ሰው ስቆ ያልፈዋል እንጂ ለባለሙያ ነውር ነው።

ቀጥሎ የርዝመት ጉዳይ አለ፤ እዚህ ላይ ከደንበኛውም ጋር ነው ጸቤ። ተራው ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ባይት፣ ማለትም 37.6 ቢሊዮን ቢት ይይዛል። ለሁለት ሰዓት ፊልም ቢካፈል በሰከንድ 5.2 ሜጋ ቢት ይደርሳል፤ ደህና ነው። ለሦስት ሰዓት ግን 3.5 ገደማ ብቻ ነው። ከዚህ ላይ ድምፁ ሳይጨመቅ በፒሲኤም ከገባ 1.5 ሜጋ ቢት ይወስዳል፤ ለምስሉ ሁለት ይተርፋል። ሰርግ ማለት ደግሞ ለመጭመቅ ከባዱ ምስል ነው፤ የሚረጭ አበባ፣ የሚበራ የፎቶ ብልጭታ፣ ሃምሳ ሰው በአንድ ላይ የሚጨፍርበት አዳራሽ። በሁለት ሜጋ ቢት ይህ ሁሉ ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይለወጣል። ድምፁን በኤሲ3 ጨምቆ በሰከንድ 0.2 ሜጋ ቢት አካባቢ ማድረስ፣ ምስሉንም ሁለት ጊዜ እያነበበ በሚጨምቀው ዘዴ መሥራት ያግዛል። ከሁሉ የሚያግዘው ግን ሁለት ዲስክ ማድረግ ነው፤ ሰርጉ በአንዱ፣ መልሱ በሌላው። የአንድ ባዶ ዲስክ ዋጋ እኮ ከሽፋኑ ዋጋ ያነሰ ነው! ለሽፋን ካነሳሁ አይቀር፣ የሙሽሮቹን ፎቶ ወረቀት ላይ አትሞ ዲስኩ ላይ መለጠፍ ቢቀር እወዳለሁ፤ ዲስኩ ሚዛኑን ስቶ ሲሽከረከር ማጫወቻው ለማንበብ ይቸገራል።

አሁን ወደ ሻንጣው እንመለስ። ከቦሌ ሚካኤል የሚወጣው ዲቪዲ ወደ ሚኒያፖሊስም ይሄዳል፣ ወደ ዋሽንግተንም፣ ወደ ስዊድንም። የስዊድኑ እንደ እኛው ፓል ስለሆነ ችግር የለውም። አሜሪካ ያሉ አብዛኞቹ የሳሎን ማጫወቻዎችና ቴሌቪዥኖች ግን ፓል ዲስክ አይከፍቱም፤ ኮምፒውተር ነው የሚከፍተው። አያትየው ኮምፒውተር ላይ ጎንበስ ብለው የልጅ ልጃቸውን ሰርግ ይዩ ማለት ነው? በልምምድ ቆይታዬ ያየሁት መፍትሔ ያለቀውን ፓል ዲቪዲ በአንዲት ፕሮግራም ወደ ኤንቲኤስሲ መገልበጥ ነበር። አንዴ ተጨምቆ ከአምስት አንድ የቀረውን ምስል እንደገና መጭመቅ፣ በሰከንድ 25 የነበረውንም ፍሬም በመደጋገም 29.97 ማድረስ። ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር ምስሉ ይደነቃቀፋል። ኤችዲው እጃችን ላይ እያለ ከእሱ ቀጥታ ወደ 480 መሥራት ሲቻል ይህን ማድረግ ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ፊልሙ በ25 ሙሉ ፍሬም የተቀረጸ ከሆነ አንድ የቆየ ብልሃትም አለ። ወደ 23.976 አዝግሞ ኤንቲኤስሲ ዲቪዲው በራሱ መንገድ ወደ 29.97 እንዲያደርሰው መተው። ፊልሙ በአራት በመቶ ያህል ይረዝማል፤ የድምፁን ቅኝት ካስተካከላችሁለት ማንም አያውቅባችሁም። ምስሉ ግን እንደ ውሃ ይፈሳል።

«ዲቪዲ እኮ አልፎበታል፣ ምን ያከራክራል» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ኮርሱም ከዝርዝሩ ይውጣ ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ዛሬ ብዙ ሰው ሰርጉን በፍላሽ ነው የሚወስደው፤ አዶቤም ዲቪዲ ማዘጋጃውን ኤንኮርን እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ሲኤስ6 በኋላ አላሳደገውም። ቢሆንም ሁለት ነገር ልጠይቃቸው። አንደኛ፣ በ4ኬ ቀርጸው ለስልክ በቴሌግራም ሲልኩ የሚሠሩት ሥራ ምንድን ነው? ያው ማሳነስ ነው። ጥለቱ ስልኩም ላይ ይንተከተካል፤ ፊደሉም ስልኩም ላይ ቅጥሉን ያጣል። ሁለተኛው ጥያቄ ከበድ ይላል። ባለፉት ሃያ ዓመታት የተሠሩት የሰርግ፣ የተዝካር፣ የምረቃ ዲቪዲዎች ዋናዎቹ ቅጂዎች የት አሉ?

የሉም። ካሴት ውድ ስለነበር በላዩ ላይ ሌላ ሰርግ ተቀርጾበታል። ሐርድ ዲስክ ሲሞላ የቆየው ይሰረዛል፤ ይህን ልምምድ ላይ ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ገና ዓመት ያልሞላው ሥራ ቦታ ለማስለቀቅ ሲደመሰስ። ማንም ለቤተሰቡ ደውሎ ልናጠፋው ነው፣ ትወስዱታላችሁ ወይ አላለም። በዚያ ሰርግ ላይ የመረቁት አባት ዛሬ በሕይወት ላይኖሩ ይችላሉ፤ ድምፃቸውና ፊታቸው ያለው በዚያች ከአምስት ነጥብ አንዱን በያዘች ዲስክ ላይ ብቻ ነው። እኛ ቅጂ እያልን የምንንቃት ነገር ለቤተሰቡ ዋናው ሆናለች። ፊልዱ የተገለበጠ፣ ጥለቱ የተንተከተከ ከሆነ ለዘላለም እንደዚያው ነው። ዲስኳም ራሷ በሙቀትና በፀሐይ የምትጎዳ ናት።

ስለዚህ የእኔ ክርክር ዲቪዲ ይኑር አይኑር አይደለም። ደንበኛው ይዞት የሚሄደው ነገር እሱ ፊልሙ ነው፤ እኛ ጋ የቀረው ጊዜያዊ ነው። ይህን ካመንን ማድረግ የምንችለው ብዙ አይከብድም። የሦስት ሰዓት ሰርግ በኤች.264 በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት ቢጨመቅ 13.5 ጊጋ ባይት ነው፤ 16 ጊጋ ፍላሽ ላይ ይገባል። ብዙ የሳተላይት ሪሲቨር ኤፍኤቲ32 የሆነ ፍላሽ ብቻ ስለሚያነብ፣ እሱ ደግሞ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል ስለማይቀበል፣ ፊልሙን በአራት ወይም በአምስት ክፍል መቁረጥ ነው። ዲቪዲ ለሚፈልግ ዲቪዲው፣ ከእሱ ጋር ኤችዲው በፍላሽ፣ የፍላሹ ዋጋ ውሉ ላይ ተጽፎ። ከስድስት ወር በኋላ ዋናው እንደሚጠፋም ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ሰው አውቆት ይጥፋ።

ዲፓርትመንታችንን የምጠይቀው ደግሞ አንድ ነገር ነው። የመመረቂያ ሥራችን የሚታየው ፕሮጀክተር ላይ ከኮምፒውተር ነው፤ ስለዚህ ማንም የማሳነስ ሥራውን አይፈተንም። ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን ሥራውን በፓልም በኤንቲኤስሲም ዲቪዲ፣ በስልክ ልክም አሳንሶ ቢያስረክብና ውጤት ቢሰጠው ምን ይመስላችኋል? ለሙከራ የሚሆን አንድ ደቂቃ ቀረጻ በጋራ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ጥለቱ ጠበቅ ያለ ቀሚስ ከሽሮ ሜዳ፣ እስክስታ የሚችል አንድ ተማሪ፣ ከታች በቀጭን ፊደል የተጻፈ ስም። ማየት የሚያስፈልገን በትልቁ ማያ ሳይሆን በአሮጌው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ነው። እሱም አለን፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ከተሰበሩት ወንበሮች ጀርባ ተቀምጧል፤ ባለፈው ሳምንት ሰክቼ አይቼዋለሁ፣ ይሠራል።